ከፎቁ ወደ መሶቡ፦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሞከርነው ሃይ ቲ

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሰባቱም የሐይቅ ዳር ጠረጴዛዎች ተይዘው ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የአምስቱ ጠረጴዛ እንግዶች ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሐይቁን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው፣ ግድግዳ እያዩ ሻይ ጠጡ። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሆዴ ባባ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንለፋ የከረምነው ለዚያች ቀን ነበር።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆነውን ነገር ከነዝርዝሩ ለማስቀመጥ ነው። ውሃ ዳር ቤት ያላቸው ሰዎች፣ ከቢሾፍቱም ከባሕር ዳርም፣ «ሃይ ቲ ብንጀምር ያዋጣል ወይ?» እያሉ ይደውሉልኛል። ሃይ ቲ ብለን የጀመርነው ከሰዓት በኋላ ሻይ ከሳንዱችና ከኬክ ጋር የሚቀርብበትን የሆቴል ሥርዓት ነው። በስልክ ስመልስ ሁልጊዜ ግማሹ ይቀራል። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄም የሠራሁት ነው።

ቤቱ የቆየ ምግብ ቤት ነው። ትልልቅ ዛፎች ያሉበት ግቢ፣ ወደ ውሃው የወጣ የእንጨት በረንዳ። ምሳ ላይ ቆሮሶ ጥብስና አሳ ጉላሽ ፈልጎ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ መቀመጫ አይገኝም። ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ጭር ይላል። አስተናጋጆቹ ጥግ ላይ ተቀምጠው ስልክ ይነካካሉ፣ ወጥ ቤቱ ይታጠባል፣ እስከ ራት ድረስ የሚገባው ገንዘብ የሁለት ማኪያቶና የአንድ አምቦ ውሃ ነው። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምንላቸው። ናይሮቢ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ልጅቷ ሆቴል ወስዳ ሃይ ቲ ጋበዘቻቸው። ሲመለሱ ሻንጣቸው ውስጥ በጋቢ የተጠቀለሉ ሁለት ባለ ሦስት ደርብ የኬክ ማቅረቢያዎች ነበሩ። «አንቺ ልጅ፣ ሥራ አመጣሁልሽ» አሉኝ።

እኔ ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ኬክና ዳቦ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። ከታች ሳንዱች፣ መሃል ላይ ስኮን፣ ላይ ደግሞ ጣፋጭ፤ ሲበላም ከታች ወደ ላይ ነው። ስኮን ማለት በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ፣ ለሁለት ተከፍሎ ማርማላታና ወፍራም ክሬም የሚቀባ ትንሽ ዳቦ ነው። ሻዩ በበራድ ይቀርባል፣ ወተቱ ለብቻ። ስለዚህ ጋሼ ሲነግሩኝ አላመነታሁም። ያ ግቢ፣ ያ ሐይቅ፣ ከማዶ ያለው ተራራ... ሌላ ቦታ ግድግዳ ላይ ሥዕል ሰቅለው የሚያቀርቡትን እኛ እግዜር የሰጠን አለን ብዬ ነው የገባሁበት። ሜኑው ላይ «ሃይ ቲ፣ ከ9፡30 እስከ 11፡30» ብለን ጻፍን። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ። ዋጋው በሰው፣ ከአንድ ደህና ምሳ ጋር እኩል።

የመጀመሪያው ስህተት ፀሐይዋ ናት። ሐዋሳ ከተማ ያለችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ስለዚህ ሐይቁን ያየ ሰው ምዕራብን አየ ማለት ነው። ይህን የሐዋሳ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፍቅር ሐይቅ ሄዶ ፀሐይ ስትጠልቅ ያላየ የለም። እኛ ግን ስናቅድ ያየነው የመጥለቂያዋን ሰዓት ፎቶ ነበር እንጂ ከቀኑ 10 ሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጠን አላየነውም። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ አንዴ ከሰማይ፣ አንዴ ከውሃው ላይ ተመልሳ ነው የምትመታው። ዓይን አያስገልጥም። ጋሼ በማግስቱ ሸራ ገዝተው አስወጠሩ። ፀሐይዋ ተከለለች፣ ሐይቁም አብሮ ተከለለ። ሰው ዋጋ የከፈለበትን ነገር በገዛ እጃችን ጋረድነው።

ነፋሱ ሁለተኛው ነው። ከሰዓት በኋላ የብሱ ከውሃው ይልቅ ቶሎ ስለሚሞቅ ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚነፍስ ነፋስ አለ። የጀልባ ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ሥራ የሚወዱት ለዚህ ነው፣ ከሰዓት ውሃው ይረበሻል። ባለ ሦስት ደርቡ ማቅረቢያ ደግሞ ለነፋስ የተሠራ አይደለም። ሶፍቱ ይበራል። የሳንዱቹ ዳቦ ጫፍ ጫፉ ይደርቃል። ቀጭኑ የስንዴ ዳቦ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደ ብስኩት ይሰበራል፣ ውስጡ ያለው ኪያር ውሃ ያወጣል። በራዱ ውስጥ ያለው ሻይ ሁለተኛው ስኒ ላይ ሲደርስ ለብ ብሏል። አንዲት ደንበኛ በጨዋ ደንብ ጠርታኝ «እህቴ፣ ሻዩን እንደገና ብታሞቁልን?» አለችኝ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ይህን ልመና ከአራት ጠረጴዛ ሰማሁት።

ስለ ሻዩ ራሱ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያ ውሃ በቀዝቃዛ በራድ ላይ ሲፈስና ነፋስ ሲመታው ከዚያም ይወርዳል። የሻይ ከረጢት ጣል አድርገህ አምስት ደቂቃ ብትጠብቅ የሚወጣው ቀለም ያለው፣ ጉልበት የሌለው ውሃ ነው። ጥቁር ሻይ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። እናቶቻችን ቅጠሉን ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከሄል ጋር እሳት ላይ አድርገው የሚያፈሉት በከንቱ አይደለም፤ እሳት ላይ መቆየቱ ሙቀቱ የጎደለውን ይሞላል። እኛ ግን ከውጭ የመጣ ባለ ከረጢት ሻይ በውድ ገዝተን፣ የውሽውሽን ቅጠል ወጥ ቤት ትተን፣ እንግዳውን ለብ ያለ ነገር አጠጣነው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቤኪንግ ፓውደርም እንደዚሁ ነው። ከፍታ ላይ ሊጥ ቶሎ ይነፋና ቶሎ ይወድቃል፣ ስለዚህ መጠኑ ይቀነሳል። ይህን አዲስ አበባ ስሠራ ለምጄዋለሁ፣ ስለዚህ ስኮኑ ጥሩ ነበር። ችግሩ ስኮኑን የሚፈልገው ሰው አለመኖሩ ነው። ክሬሙን አልፎ ዳቦውን ብቻ የሚበላው ብዙ ነበር። አንድ አባት ልጃቸው ይዛቸው መጥታ ስኮኑን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ድፎ ነው እንዳንል ጠንክሯል፣ ኬክ ነው እንዳንል አይጣፍጥም» አሉኝ። ቅር ሳይላቸው ነው የተናገሩት። ጻፍኩት።

ሦስተኛው እሁድ የሆነውን ግን ማንም አይረሳውም። ማቅረቢያውን ሠራተኞቹ «ፎቅ» ብለውታል። «አንድ ፎቅ ለአራት ቁጥር!» እየተባለ ነው ትእዛዝ የሚተላለፈው። አራት ቁጥር በረንዳው ጫፍ ላይ ያለችው፣ የዛፉ ቅርንጫፍ የሚደርስባት ጠረጴዛ ናት። እናት፣ አባትና የአምስት ዓመት ገደማ ሴት ልጅ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ከላይ ያለችውን ቢጫ ኬክ ዓይኗን ጥላባት፣ እናቷ «መጀመሪያ ሳንዱችሽን» ትላታለች። ጦጣዋ የመጣችው ከዛፉ ነው። አጥሩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አረፈች። በአንድ እጇ የላይኛውን ሰሃን ጠርዝ ያዘች፣ በሌላው ኬኩን አነሳች፣ ስትዘል የያዘችው ሰሃን አብሮ ተሳበ፣ ፎቁ በሙሉ ተገለበጠ። በራዱ ላይ ነው የወደቀው። ደግነቱ ሻዩ ልጅቷ ላይ ሳይሆን በጠረጴዛው ልብስ ላይ ወደ ውሃው በኩል ፈሰሰ። ልጅቷ ድምፅ አላወጣችም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ባዶውን ሰሃን እያየች እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። ጦጣዋ ቅርንጫፉ ላይ ሆና ክሬሙን በጣቷ እየጠረገች ትልሳለች።

ሒሳብ አልተቀበልንም። ሌላ ኬክም ለልጅቷ ጠቅልለን ሰጠናት። ግን እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሻዩ ነው። ትኩስ ቢሆን ኖሮስ? እዚያ ግቢ ጦጣ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ ምሳ ላይ አይደፍሩም ምክንያቱም ሰው ይበዛል፣ አስተናጋጅ ይመላለሳል። ከሰዓት ጭር ባለው ሰዓት፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ፣ ጣፋጭ ነገር፣ ያለ ክዳን... ጠርተን ነው ያመጣናቸው። አሳ ገበያው አሞራ ገደል ሄዳችሁ አባ ኮዳዎቹ አሳ አጥማጆቹን እንዴት እንደሚከቧቸው ካያችሁ፣ በዚህ ሐይቅ ዳር ምግብ ሜዳ ላይ ከተቀመጠ የሚያየው ሰው ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

ጾሙ ሌላው ነው። ዓርብን የመረጥነው ቅዳሜና እሁድን ለማሟሟቅ ብለን ነበር። ሐዋሳ ጴንጤውም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ካቶሊኩም ያለባት ከተማ ናት፤ ዓርብ የማይጾመው ብዙ ነው። ሰው ግን ሻይ ለመጠጣት ከጓደኛው ጋር ነው የሚመጣው። ከአራት አንዷ ጾመኛ ከሆነች ጠረጴዛው በሙሉ ጾመኛ ነው፤ እሷ እያየች ክሬም ኬክ የሚበላ ጨዋ ሰው የለም። የኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ከኪያር ሳንዱቹ በስተቀር ሁሉም ነገር ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት ነበር፤ ሳንዱቹም ቢሆን ቅቤ ተቀብቷል። ጋሼ «አሳ ሳንዱች እናድርግ» አሉ። እሱም አላዋጣም። በጾም አሳ የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ሊቀመጡ ይችላሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ እሱ ሲመጣ ምን ልናደርግ እንደሆነ አንዳችንም አላሰብንበትም ነበር።

ዋጋውንም ልንገራችሁ። በሰው ነው ያልነው። አምስት ሴቶች መጥተው አንድ ፎቅ አዘዙ። አስተናጋጁ ልጅ ሕጉን ተናገረ፦ በሰው ነው፣ አምስት መክፈል አለባችሁ። አንዷ «ወንድሜ፣ እኛ ልንጫወት ነው የመጣነው፣ ሆዳችንን ልንሞላ መሰለህ?» አለችው። እሱም ድርቅ አለ፣ እነሱም ተነስተው ወጡ። ልጁ የታዘዘውን ነው የፈጸመው፣ ስህተቱ የኔና የጋሼ ነው። እዚህ አገር ከሰዓት በኋላ ሻይ ብሎ የወጣ ሰው የሚቆርሰው አንድ ላይ ነው፤ ሒሳቡንም አንድ ሰው ነው የሚከፍለው፣ ያውም ተጣልቶ። ለየሰው ተቆጥሮ የሚሸጥ ነገር ጋባዡን ያስፈራዋል፤ ስንት ሰው እንደሚመጣበት አያውቅማ። በዚያ ላይ ያቺ ሴት ያለችው እውነት ነው፤ ወሬው ነው ዋናው።

በኅዳር መጨረሻ ጋሼ ሊያቆሙት ነበር። እኔ ሁለት ሳምንት እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው። በሁለቱ ሳምንት ምንም አልቀየርኩም፤ ደብተር ይዤ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩና ማን ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ምን ትቶ እንደሚሄድ ጻፍኩ። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነው። ሰሃን ሲመለስ አየሁት። ሳንዱች ግማሹ ይመለሳል። ክሬም ይመለሳል። ለውጭ እንግዶች ብለን ጎን ላይ ያስቀመጥናት የምስር ሳምቡሳ ግን አንድም ቀን ተመልሳ አታውቅም።

ሰዓቱ ግን የበለጠ አስገረመኝ። በሜኑው ላይ «እስከ 11፡30» ብለናል። ሰው መምጣት የሚጀምረው ደግሞ 11፡30 ላይ ነው። ከመሥሪያ ቤት የወጡ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ አስተማሪዎች፣ ባንክ የሚሠሩ ልጆች። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ላይ በልተዋል፣ ራት ገና ነው፣ ርቧቸዋል። ይጠይቃሉ፣ አስተናጋጁ «ሃይ ቲ አብቅቷል» ይላቸዋል፣ አንድ ማኪያቶ ጠጥተው ይሄዳሉ። በዚያው ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፣ ውሃው ወርቅ መስሏል፣ ነፋሱ በርዷል። ሸራው ተጠቅልሎ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ያ ሁሉ ሲመጣ እኛ ዕቃ እያነሳን ነበር።

ያን ሰሞን ነው የስሙ ነገር የገባኝ። ሆቴል ስሠራ «ሃይ ቲ» እና «አፍተርኑን ቲ» አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር፣ ብዙ ሆቴልም እያቀላቀለ ይጠቀምበታል። ከየት እንደመጡ ስታዩ ግን የተለያዩ ናቸው። ባለ ሦስት ደርቡ፣ ቀጫጭን ሳንዱቹ፣ ስኮኑ የአፍተርኑን ቲ ነው። ሲተረክ የሚነሳው በ1840 አካባቢ በእንግሊዝ አገር ነው፤ አና የተባለች የቤድፎርድ መስፍን ባለቤት ምሳው ቀላል፣ ራቱ ደግሞ ምሽት ስለሚሆንባት በመሃል እየራባት ሻይና ቂጣ ነገር ወደ ክፍሏ ታስመጣ ነበር፣ በኋላ ጓደኞቿን መጋበዝ ጀመረች ይባላል። የባለጸጋ ሰዎች ነገር ነው፤ ራታቸው እስኪደርስ ነው የሚያቆያቸው። ሃይ ቲ ግን የሠራተኛው ነው። ከፋብሪካና ከማዕድን ጉድጓድ ሲመለስ፣ ወደ ማምሻው ገደማ፣ በትልቁ የመመገቢያ ጠረጴዛ ተቀምጦ ሥጋውን፣ ዳቦውን፣ እንቁላሉን በትኩስ ወፍራም ሻይ የሚበላው። ሆድ የሚይዝ ምግብ ነው።

እንግዲህ እኛ የጻፍነው ሃይ ቲ፣ ያቀረብነው አፍተርኑን ቲ፣ የመጣው እንግዳ ደግሞ ሳያውቀው እውነተኛውን ሃይ ቲ እየጠየቀ ነበር። ከሥራ የወጣ፣ የራበው፣ ማምሻው ላይ የሚመጣ ሰው። ለዚህ ደግሞ አማርኛችን የራሱ ቃል አለው፦ መክሰስ። ልጅ ሆነን 10 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስንመጣ የሚቆየን ዳቦና ሻይ። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ መክሰስ አቅርቢልኛ!» አሉኝ።

ሰዓቱን ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት አደረግነው። ከ9 ሰዓት ጀምሮ ሸራው ይወጠራል፣ 11 ሰዓት ላይ ይጠቀለላል። ሻዩ የውሽውሽ ቅጠል ሆነ፣ ከሰል ላይ በቅመም ይፈላል። ከሰሉ ሌላም ጥቅም አመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ሻዩ አይቆምም። በራዱን ትተን በፔርሙዝ አቀረብነው። እኔ ፔርሙዝ ለዓይን አያምርም ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ አንዲት እናት ሦስተኛውን ስኒ ሲቀዱ እንፋሎቱን አይቼ ክርክሬን ተውኩት። ቡና የሚፈልግ ስፕሪስ ያዛል፣ ቡናና ሻይ የተቀላቀለ። በሲዳማ ቡና አገር ተቀምጦ ሻይ ብቻ ማለት አይሆንም።

ምግቡ ላይ ስኮኑን አወጣሁት። በእሱ ፋንታ ድፎ ዳቦ በትንንሹ ተቆርጦ፣ ከማርና ከለጋ ቅቤ ጋር። ሳምቡሳ ከምስር። ሞቅ ያለ ቦምቦሊኖ። የአሳ ሳንዱች፣ በዳጣ፤ እሷን ከመጣችበት ቀን ጀምሮ የሚያቆማት የለም። ጣፋጩ አንድ ብቻ ነው፣ በየቀኑ የሚቀያየር። የጾሙ ደግሞ ከጎን የተጨመረ ነገር እንዳይመስል ራሱን ችሎ ቆመ፦ ድፎው በዘይት፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል፣ የተቀቀለ ድንች በዳጣ፣ የሱፍ ፍትፍት በትንሽ ሳህን፣ ሙዝና ፓፓያ። መጥበሻው ለብቻ ነው፣ ዘይቱም። ኦቨኑ ላይ ቅድሚያ የሚገባው የጾሙ ነው። ይህን አስተናጋጁ ሳይጠየቅ ይናገራል፣ ምክንያቱም ጾመኛ ሰው መጠየቅ ያፍራል፤ ካልተማመነ ደግሞ ሻይ ብቻ ጠጥቶ ይሄዳል። ዋጋው በጠረጴዛ ሆነ፣ የሁለት ሰው ወይም የአራት። አምስተኛ ሰው ቢመጣ ስኒ ይጨመራል እንጂ ሒሳብ አይጨመርም።

የፎቁን ነገር የፈታችው ዕቃ የምታጥበው ሴትዮ ናት። እኔና ጋሼ ስለ ጦጣው ስናወራ፣ በመስታወት ክዳን እንሸፍን፣ ዘበኛ እናቁም፣ ቅርንጫፉን እናስቆርጥ ስንባባል እጇን እየጠረገች «መሶብ ምን ሆነና?» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ትንንሽ ባለ ክዳን መሶብ፣ ሰሃኖቹ ውስጡ ይቀመጣሉ። ነፋስ አይገባም፣ ዳቦው አይደርቅም፣ ዝንብ አያርፍም፣ ሳምቡሳው ሙቀቱን ይይዛል። ዝቅ ያለና ከታች ሰፊ ስለሆነ አይገለበጥም። ጦጣም ከዛፍ ላይ ሆና የምታየው ክዳን ብቻ ነው። ገበያ ሄጄ ስምንት መሶብ ገዛሁ። ለእያንዳንዱ ከሥሩ የሚነሳ፣ የሚታጠብ ጨርቅ አሰፋሁለት፤ ስንደዶ ውሃ ሲነካው ይበላሻልና ይህን የሚሞክር ሰው እንዳይረሳው።

አንድ ነገር አለ፣ ከመጀመሪያው አስቤው ያልነበረ። ፎቁ ሲቀርብ ሰው ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ ፎቁ መሃል ላይ ቆሞ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ጓደኛ ይጋርደዋል፣ ሐይቁንም ይጋርዳል። ሰው በጎን በጎን እያየ ነበር የሚያወራው። መሶቡ ሲቀርብ ክዳኑን የሚያነሳው ከመካከላቸው አንዱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ትልቅየው። «እንካችሁ፣ ብሉ» ይላል። እንፋሎቱ ይወጣል፣ የቀረፋው ሽታ ይመጣል፣ ሁሉም ወደ መሃል ጎንበስ ይላል። ክዳኑ ወለል ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ቀና ሲሉ ሐይቁ ከፊታቸው ነው። ይህን ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቼዋለሁ፣ እስካሁን አልሰለቸኝም።

ከጥር ጀምሮ ሰባቱ የሐይቅ ዳር ጠረጴዛዎች ከ11 ሰዓት በኋላ ባዶ ሆነው ያመሹበት ቅዳሜ የለም። ዓርቡ ተመልሶ መጣ፣ በዐቢይ ጾምም አልወረደም። ከፎቆቹ አንዱ ውስጥ ለልደት ያገለግላል፤ ሁለተኛው ጋሼ ቤት ነው፣ ፍራፍሬ ይቀመጥበታል። እነዚያ አምስት ሴቶች አልተመለሱም። አንዷን ገበያ ላይ አግኝቻት ጋበዝኳት፣ «እስቲ እናያለን» አለችኝ። በስሟ ጠረጴዛ ይዤ እጠብቃታለሁ።

ያልተፈታ ነገርም አለ። ትንኝ። 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ከውሃው ዳር ይነሳል፣ ሐዋሳ ደግሞ የወባ አገር ናት፤ በዚህ መቀለድ አይቻልም። ማራገቢያ ሞከርን፣ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ጭስ ሞከርን፣ ሻዩ ጭስ ጭስ አለ። አሁን በየጠረጴዛው የትንኝ ቅባት እናስቀምጣለን፣ ልጆች ያሉበትን ጠረጴዛ ደግሞ ፀሐይዋ እንደጠለቀች ወደ ውስጥ፣ ወንፊት መስኮት ወዳለው ክፍል እንጋብዛለን። ይህን ሳይዝ ማምሻውን ሐይቅ ዳር የሚያስቀምጥ ቤት ካለ አስቸኳይ ነገር ነው የምለው።

ሌላው የቦታው ሽሚያ ነው። ሁሉም ሰው የሚፈልገው ፀሐይዋ የምትጠልቅባትን ሩብ ሰዓት ነው፣ ጫፍ ላይ ያለው ጠረጴዛ ሰባት ብቻ ነው። አስቀድሞ ለደወለ እንያዝ ብንል በእግሩ የመጣው የሰፈር ሰው ይቀየማል። ጋሼ አራቱ በስልክ የሚያዙ፣ ሦስቱ ለመጣ ሰው ይሁኑ ብለዋል። እኔ ደግሞ በረንዳው ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አጥሩን ተከትሎ እንዲሠራ ነው የምፈልገው፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ከኋላ የተቀመጠውም ስኒውን ይዞ መጥቶ እዚያ እንዲቀመጥ። አናጺው ልኬት ወስዷል። እንጨቱ ሰኞ ይመጣል፣ አራት ቁጥር አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ይጀምራል።